የሴት ክራንቻ

የሴት ክራንቻ አልሞርድም። የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል፤ አዲስ የሚቀጠር ሰውም በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረዋል። ሐኪሞቹ ከታካሚው የአፍ ልክ ጋር በሚልኩልኝ ወረቀት ላይ «ሴት ናት፤ ክራንቻው ለስለስ ይበል» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጬ «ሴትየዋን ጠይቃችኋታል?» ብዬ እመልስላቸዋለሁ። አንድ ወጣት ሐኪም ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ መጽሐፉ እኮ እንዲህ ነው የሚለው» አለኝ። «መጽሐፉ ሥጋ በልቶ ያውቃል?» አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይዝጋው!

ሙያውን ለማታውቁት ላስረዳ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የወንድ ክራንቻ ሾል እንዳለ ይተዋል። የሴት ግን ጫፉ በሞረድ ክብ ይደረጋል፤ ሾል ካለ ፊቷን ቁጡ ያስመስለዋል ይባላል። አባቴም እንዲህ ነበር የተማረው፣ እንዲህም ነበር የሚሠራው። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ሁለት የሴት ክራንቻ ሞርጃለሁ። በሕይወቴ የሞረድኩት እነዚያን ሁለቱን ብቻ ነው። የአክስቴን።

የአባዬን የሥራ ክፍል ከሳሎናችን የምትለየው አንዲት በር ነበረች። ውስጡ ሁልጊዜ የቀለጠ ሰም ይሸታል። የጄሶው ብናኝ ወለሉን፣ መስኮቱን፣ የአባዬን ቅንድብ ሳይቀር ያነጣዋል። መደርደሪያው ላይ በጄሶ የተቀረጹ የሰዎች አፎች ተሰልፈዋል፤ ከሥራቸው በእርሳስ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ «እንደምን ዋላችሁ?» እላቸው ነበር። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋ ሳሎን ነው ያለው። እሷ ስትሰፋ እሱ ሲሞርድ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፣ ሰው ግን ብዙም አያወራም። አባዬ ወሬ አይወድም። አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይዘጋዋል።

አክስቴ የአባዬ ታናሽ እህት ናት። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሻንጣ ይዛ፣ አፏን በሻሽ ሸፍና መጣች። ሻሹን ስታነሳው እማዬ «ወይኔ!» ብላ መቀሷን ጣለች። ከላይ በኩል የፊት ጥርሶቿ የሉም። ስድስቱም። ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቶ አሮጊት አስመስሏታል። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«ከደረጃ ወድቃ ነው» አለች እማዬ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር። «ሂጂ ውጪ ተጫወቺ።»

አመንኩ። ምን ላድርግ? ለሳምንታት የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንድ አንድ እያልኩ ነበር የምወርደው። ልጆቹ ሲስቁብኝ «ጥርሳችሁ ሲረግፍ እንተያያለን!» እላቸው ነበር።

ድሮም አክስቴና ባሏ በዓመት አንዴ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ እሷ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርግ ነበር። የጨዋ ሴት ሳቅ እንዲህ ነው ብዬ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ባሏን ደግሞ እወደው ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ነበር የምወደው። ብስኩት ያመጣልኛል፣ ትከሻው ላይ ያወጣኛል፣ ከጆሮዬ ሥር ሳንቲም መዝዞ ያሳየኛል። ሲስቅ የቤቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ያኔ ጋሼ ነበር የምለው። አሁን ሰውየው ነው የምለው፤ እሱም በዝቶበት ነው።

አክስቴ ሳታገባ በፊት ለጉድ ነበር የምትበላው አሉ። ሥጋ ከአጥንት ስትለይ ቢላ አትነካም፤ በክራንቻዋ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ፣ ጭርር አድርጋ ትቀድደዋለች። የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሷ ትከፍት ስለነበር አባዬ «አንድ ቀን ትሰብሪውና እኔን ታስቸግሪኛለሽ» እያለ ይቆጣት ነበር። አሁን ግን የምትበላው በወተት የራሰ ዳቦ፣ የተፈጨ ድንችና ሾርባ ሆነ። እኛ ሥጋ በምንበላበት ቀን ዓይኗ ከሹካችን ጋር ይወጣል፣ ከሹካችን ጋር ይወርዳል።

እኔ ደግሞ ደስ አለኝ! ከእኔ ያነሰ ሰው ቤት የገባ መሰለኝ። ማንኪያውን ይዤ «አፍሽን ክፈቺ፣ ጎበዝ!» እላት ነበር። ሁለት ቀን ቻለችኝ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን ነጥቃ ጠረጴዛውን መታችው።

«ሕፃን አይደለሁም!»

አለቀስኩ። ወዲያው ሳብ አድርጋ አቀፈችኝ። «አንቺን አይደለም አይጥዬ፣ አንቺን አይደለም» አለችኝ። አይጥዬ የምትለኝ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ከፊቴ ቀድመው አድገው ስለነበር ነው። «ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ፣ ቻልኩ» አለች ለእማዬ በራሴ ላይ አሻግራ። «አሁን የምነክሰው ጥርስ እንኳ የለኝ።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እማዬም ሳታስበው ሳቅ አመለጣትና «ጥርስ ባዳ ነው» እያለች ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

በሳምንቱ አባዬ የአፏን ልክ ወሰደ። ጄሶው እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ቅርጹን አወጣው፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወጥቶ ቧንቧው ጋ እጁን ታጠበ። ታጠበ፣ ታጠበ፣ ውሃው እስኪያልቅ ታጠበ። ጄሶ አልለቅ ያለው መስሎኝ ሳሙና አመጣሁለት።

ዛሬ እኔም ያንን ሙያ ስለያዝኩ ምን እንዳየ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ጋዜጣ እንደሚያነበው አባዬ ድድ ያነባል። ያን ዕለት አንብቦታል፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው። ከዚያም ዝም አለ።

ጥርሶቹን በሰም ላይ ደርድሮ አክስቴ አፍ ውስጥ ሲለካቸው እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን የምሠራ እመስል ነበር።

«ጫፉን ትንሽ ክብ አደርገዋለሁ» ሲል ሰማሁት። «ለሴት እንደዚያ ነው የሚያምር።»

«እንዳትነካው!»

«መልክሽ ይቆጣል እኮ እህቴ።»

«ይቆጣ! እስከዛሬ ሲስቅ የት አደረሰኝ? ወንድምዬ፣ እንዲያምርብኝ አይደለም እኮ የምፈልገው። እንድበላበት ነው። የፊቱ ይቆርጣል፣ መንጋጋው ያደቅቃል፣ ክራንቻው ይቀድዳል ብለህ አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ? ክራንቻ የሌለው ሰው ሌላ ሰው ቆራርጦ እስኪሰጠው ነው ተቀምጦ የሚጠብቀው። እኔ ከእንግዲህ የማንንም ቢላ አልጠብቅም።»

አባዬ ሰም የሚያቀልጥበት የአልኮል መብራት ሲንሿሿ ይሰማኛል።

«እኔ የምለው» አለ በመጨረሻ፣ «አፍሽን ሙሉ አድርጌልሽ ወደ ቤትሽ ብትመለሺ... በባልና በሚስት መካከል ሰው ሲገባ ደግ አይደለም። እሱም ተጸጽቷል ይላሉ። ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ።»

«ይነቅዛል! ይነቅዛል እንጂ! አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የነቀዘ ስታይ የምትውል ሰው!»

በሩን በርግዳ ስትወጣ ደብተሬን ረግጣው ሄደች። ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አክስቴ የሾለ ክራንቻ ትፈልጋለች፣ አባዬ ደግሞ ፈርቷል። አባዬ ከፈራ የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት የሳይንስ መምህራችን ስለ ጥርስ አስተማረን። ሰሌዳው ላይ የላም፣ የውሻና የሰው መንጋጋ ሣለ። «ላም ክራንቻ ምን ያደርግላታል? ሣር አይሸሽም» አለ። «የሚሸሽ ነገር የሚበላ እንስሳ ግን ክራንቻው ረጅምና ሹል ነው። አንዴ ከያዘ አይለቅም። ይቀድደዋል።»

እጄን አወጣሁ። «ሰውስ?»

«ሰውም አለው፤ ግን አጭር ነው።»

«ቢረዝምለትስ? ቢሾልለትስ?»

«እንግዲህ ያን ጊዜ ከእሱ መሸሽ ነዋ!» አለ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔ አልሳቅኩም። በሁለተኛው ቀን የጎረቤታችን ውሻ ፖስታ አዳዩን ባቱ ላይ ነከሰው። እማዬ ቁስሉን ስታጥብለት ተጠግቼ አየሁ፤ ሁለት ጉድጓድ፣ ጎን ለጎን፣ ጥልቅ። ሁለት ክራንቻ ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ጥርሱ አለቀ። አባዬ እንዳሻት አድርጎ ነበር የሠራው፤ ጫፉን አልነካውም። አክስቴ ጥርሷን አጥልቃ መስተዋት ፊት ቆመች። የላይ ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች፣ ጥርሷን ገጠመች። ውሻው ፖስታ አዳዩን ከመንከሱ በፊት ልክ እንደዚያ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች።

«ነገ ይምጣ። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሥጋ እበላለሁ።»

እማዬ፣ የኔዋ ደግ እናት፣ «ደግ አደረግሽ! እኔም ትልቅ ትልቁን ነው የምሠራልሽ» አለቻት። ሁለቱም አብደዋል አልኩ።

ይህን ሁሉ ያናገራቸው ሐሙስ ዕለት የመጣ የስልክ መልእክት እንደነበር እማዬ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሰውየው ታላቅ ወንድሙን ይዞ እሁድ ለምሳ እንደሚመጣ፣ ሚስቱን ይዞ እንደሚመለስ ተናግሮ ሲያበቃ፣ «ትኮራለች እንዴ? ጥርስ የላት፣ ምን ልትበላ ነው? ማንም ሳይነዳት ረሃብ ራሱ ያመጣታል» ብሎ ነበር። አክስቴ መልሱን በአፏ ልትሰጠው ነበር ያሰበችው፣ በመብላት። አባዬ ደግሞ ምሳው በሰላም ካለቀ እህቱን በአዲስ ጥርስ ወደ ባሏ ሊሸኝ ለሰውየው ቃል ሰጥቶ ነበር። የቤቱ አባወራ እሱ ነው፤ እሱ «ሂጂ» ካለ የምትሄድበት ሌላ ቤት አልነበራትም። በዚያ እሁድ የሚቆረጠው የአክስቴ ዕድሜ ነበር። እኔ ግን የሰውየው ሥጋ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ። አክስቴ አዲሱ ጥርስ ድዷን ስላቆሰላት «ለምሳ ላቆየው» ብላ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ነበር። አወጣሁት። ከአባዬ መሳቢያ ትንሿን ሞረድ ወሰድኩ። አባዬ ሲሞርድ ከንፈሩን እንዴት እንደሚነክስ አውቃለሁ፤ እኔም እንደሱ ነከስኩ። የግራውን ሞረድኩ፣ ደነዘ። የቀኙን ሳገላብጠው እጄ ስቶ ወደ ጎን ዘመመ። ሁለቱንም በጣቴ ዳበስኩ፤ እንደ ባቄላ ክብ ሆነዋል። ብናኙን እፍ አልኩት። ብርጭቆው ውስጥ መልሼ ተኛሁ። የሰው ነፍስ ያዳንኩ መስሎኝ፣ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰውየው ብስኩቴን ይዞ፣ እየሳቀ ገባ። ታላቅ ወንድሙ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ወንበሩ የጠበበው ሰው። አክስቴ መኝታ ቤት ገብታ ጥርሷን አጥልቃ ወጣች። የሆነ ነገር እንደቆረቆራት ከፊቷ አየሁ፤ ግን እንግዳ ተቀምጧል፣ ሳህን ቀርቧል። እማዬ የተጠበሰ የጎድን አጥንት፣ ድንችና ዳቦ ደረደረች። አክስቴ ከሁሉ ትልቁን አጥንት አነሳች። ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየች አፏ ውስጥ ከተተችው።

ተንሸራተተ።

አዙራ ያዘችው። አንገቷን ሰበር አድርጋ ጎተተች። ሥጋው ከጥርሷ ላይ ሾልኮ አገጯን ቀባት። ሦስተኛ ሞከረች። በጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ማላመጥ አቁሟል።

«ተይው እንግዲህ፣ ምን ያጣድፍሻል?» አለ ሰውየው ለስለስ ብሎ። ሳህኗን ወደ ራሱ ሳበ። ቢላውን አንስቶ ሥጋውን ከአጥንቱ ለየ፣ ከዚያ ቆረጠው፣ እንደገና ከተፈው፣ ለጫጩት እንደሚሰጥ አሳንሶ መለሰላት። «አይዞሽ፤ ቤታችን ስንመለስም እኔው ነኝ የምቆርጥልሽ።»

«ይኸው! ባል ማለት እንዲህ ነው» አለ ሹፌሩ።

አባዬ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም። እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላ፣ ኮርቼ ነበር። ማንም አልተነከሰም።

አክስቴ እጇን አፏ ውስጥ አስገብታ ጥርሱን አወጣችው። ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ወደ ውስጥ ወደቀ።

«ሞረድክብኝ፣ ወንድምዬ?» አለች። ፊደሉ በድዷ መሃል እየነፈሰ ነው የሚወጣው። «ለእሱ ብለህ ሞረድክብኝ?»

አባዬ ጥርሱን አነሳና ወደ መስኮቱ አዞረው። ክራንቻዎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞረድ የያዘ ሰው የራሱን እጅ ያውቃል። አንዱ ደንዝዟል፣ አንዱ ዘምሟል፣ ሁለቱም ተቧጭረዋል። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያወቀ መሰለኝ። ግን ዓይኑን መለሰ፣ ተነሳ፣ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ቀበቶ ሊያመጣ ነው ብዬ ወንበሬን ጨበጥኩ።

የአክስቴን የጄሶ አፍ ይዞ ተመለሰ። ዳቦውን ገፋ አድርጎ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ አልሞረድኩትም» አለ። «የባሰ ነገር ነው ያደረግኩት። ይህን ካየሁ ወር አልፎኛል፣ ዝም ብያለሁ።» ወደ ሹፌሩ ዞረ። «እርስዎ ታላቅ ወንድም ነዎት፤ እኔም ነኝ። እጅዎን እዚህ ያድርጉ። ጥርስ የወጣበት ድድ እያደር ይጎድላል፣ ይሳሳል። ይህ በግራ በኩል ያለው እንደ ቢላ ስለት ሳስቷል፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እዚህ ፊት ለፊት ያለው ገና ግማሽ መንገድ ነው፤ ዓመት ቢሆነው ነው። ይህ በቀኝ ያለው ደግሞ ጉድጓዱ እንኳ አልሞላም፤ የዘንድሮ ነው። ክራንቻ ማለት ከአፍ ጥርስ ሁሉ ሥሩ የረዘመ ነው። ሽማግሌ አፍ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ እያነሳ የሚጥል ይሄ ምን ዓይነት ደረጃ ነው?»

«ምግብ ላይ ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ጄሶ ልታምኑ ነው እንዴ?»

«ጄሶ ምን ይጠቀማል ብሎ ይዋሻል?» አለ አባዬ።

ሹፌሩ ቅርጹን አነሳው። በዚያ ወፍራም አውራ ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ዳበሰው፣ መልሶ ዳበሰው። «ወደቀች ያልከኝ» አለ ወንድሙን ሳያየው፣ «የትኛውን ነው?»

ሰውየው መሳቁን ተወ። ወደ አክስቴ ዞረ። «እሺ፤ እዚህ ቅሪ። ማን ነው የሚያላምጥልሽ? ወንድምሽ ዕድሜውን ሙሉ አላምጦ ሊሰጥሽ ነው?»

«አልሄድም» አለች አክስቴ።

አባዬ «አትሄድም» አለ ከኋላዋ። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያለ ሰው ሲናገር ያምርበታል።

ሹፌሩ «ተነስ» አለው ወንድሙን። ወጡ። እኔ ግን ጋሼ አዝኖ መሄዱ አንጀቴን በላውና ተከትዬ ሮጥኩ። በሩ ጋ ደረስኩበት።

«ጋሼ! አትፍራ። እኔ ነኝ የሞረድኩት። አትነክስህም።»

ቆመ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባው። ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ አገጬን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ አጥብቆ፤ ከንፈሬን በአውራ ጣቱ ገልጦ ጥርሴን አየ።

«ጎበዝ!» አለኝ። «የሴት ጥርስ እንዲህ ነው፤ በጊዜ ነው የሚያዝ።»

አገጬ አመመኝ። ልላቀቅ ብል አጠበቀ። እየሳቀ ነበር። ምን እንደገባኝ አላውቅም፤ ገና ምንም አልገባኝም ነበር። ጣቱ ግን አፌ ውስጥ ነበረ። ነከስኩት። ባለ በሌለ ኃይሌ፣ በግራ ክራንቻዬ፣ ጨው ጨው እስኪለኝ ነከስኩት። ጮኸ። ሌላኛው እጁ ወደ ላይ ተነሳ። ያቺን እጅ ከሥር ሆኜ ሳያት፣ አክስቴን ሦስት ጊዜ የጣላት ደረጃ ምን እንደነበረ ገባኝ።

«እጅህን!» አለ ሹፌሩ ከመኪናው አጠገብ።

እጁ ወረደ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ አላየሁትም። ሲሞትም ተነገረኝ፤ አልሄድኩም። ሰው «ልጅ ነበርሽ፣ ይቅር በዪው» ይለኛል። ልጅ ስለነበርኩ እኮ ነው የማልምረው። ለሦስት ዓመት ጥርስ በሰበረበት እጁ ለእኔ ከጆሮዬ ሥር ሳንቲም ሲያወጣልኝ ነበር።

እየሮጥኩ ስገባ ሁሉም እንደተቀመጡ ናቸው። አክስቴ አልተነሳችም። የተከተፈውን ሥጋ ገፍታ ሌላ አጥንት አንስታለች። የፊት ጥርስ ስለሌላት አጥንቱን እስከ ጉንጯ ጥግ ድረስ አስገብታ በመንጋጋዋ ነክሳ ትጎትታለች። ያማል፤ ከድዷ ደም እየመጣ ከሥጋው ቅባት ጋር ይቀላቀላል። አባዬ ከፊቷ ተቀምጦ ያለቅሳል። እሷ ትጎትታለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የሞረድኩት። እንዳትነክሺው ብዬ ነው።»

አክስቴ አጥንቱን ከአፏ አወጣች። እኔን አየችኝ፣ አገጬ ላይ የቀረውን የጣት ምልክት አየች፣ ከንፈሬ ላይ ያለውን ደም አየች።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የሱ።»

ከዚያ አክስቴ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ፣ ባዶ ድዷን ለሁላችን ገልጣ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እማዬም ተከተለቻት፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የኔዋ ጉድ ግን ለምሳ አበቃችው!» እያለች።

አባዬ በሳምንቱ ሁለቱን ክራንቻዎች አዲስ አድርጎ ሠራላት፤ መብራቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የሌሎቹን ሴቶች ግን እስኪሞት መሞረዱን አልተወም፤ አልዋሽም። በዚህ ጉዳይ እኔና እሱ ተኳርፈንም እናውቃለን። አክስቴ እኛ ጋ ሁለት ዓመት ቆይታ የራሷን ቤት ተከራየች። ስለዚያ ሞረድ ስታነሳብኝ «ባትሞርጂው ኖሮ በልቼ፣ እነሱም በልተው፣ ወንድሜም ዝም እንዳለ ይሸኘኝ ነበር» ትለኛለች። እንዲህ ብላ ነፃ ልታወጣኝ ነው። አልቀበላትም። እሷን ያዳናት የኔ ስህተት አይደለም፤ ጥርስ ሳይኖራት እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጧ ነው።

ምክንያቱም ያን ቀን ሳቁ ሲያልቅ አልተነሳችም። ያንን አጥንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨረሰችው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት አላውቅም፤ ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር፣ ማንም ግን ከጠረጴዛው አልተንቀሳቀሰም። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ድምፅ ሰጠ። አፏን በመዳፏ ጠረገችና ሳህኗን ወደ እማዬ ዘረጋች።

«ድገሚኝ።»